ከእኛ ጋር የተስማማው ሰዓት

አያንቱ ጉተማ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ውሃ ይሰማታል። የቧንቧ ውሃ አይደለም። ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ፣ ለብቻው የሚያጉረመርም ውሃ ነው። የምትኖረው ግን ኮተቤ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ ካስነጠሰ ጎረቤቱ ሁሉ እልል ይላል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ እሷ ታውቃለች። ከካራ ነው፤ ተወልዳ አምስት ዓመት እስኪሞላት ካደገችበት፣ ዛሬ ቤት በቤት ከሆነው ማሳ።

ችግሩ በዚያ ማሳ ውሃ እንዳልነበረ ዘመድ ሁሉ መማሉ ነው። አባቷ ጉተማ በሕይወት ሳለ በጠየቀችው ቁጥር «ውሃ አልነበረም፣ ሕልም አይተሽ ነው» ይላት ነበር። አክስቷም፣ ታላቅ ወንድሟም ቃል ሳይለውጡ ያንኑ ይሏታል። እናቷ ደግሞ ከካራ በወጡ በዓመቱ ስላረፈች የምትጠይቃት እናት አልነበረቻትም።

ሕልም አይተሽ ነው መባል ለአያንቱ አዲስ ነገር አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐሳብ ይዟት የሚሄድ ሰው ናት። ኮተቤ በመምህርነት ሠልጥና አንድ ዓመት አስተምራለች። ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር ትጀምርና ጠመኔውን እንደያዘች በመስኮት የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ስታይ ደወል ይደወልባታል። ተማሪዎቹ በጣም ወደዷት፤ ርዕሰ መምህሩ ግን ያን ያህል አልወደዷትም። ከዚያ ኮምፒውተር ጥገና ገባች። ኮምፒውተር ሰው ሲያስብ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይስቅም።

አሁን ኮተቤ መንገድ ዳር፣ በሞባይል ሽፋን ሻጭና በፎቶ ኮፒ ቤት መሃል የተሸጎጠች ሱቅ አለቻት። ሌሎቹ ጠጋኞች ማሽን አልነሣ ሲል ሁሉን ጠርገው ከባዶ ይጀምራሉ፤ የደንበኛው የሠርግ ፎቶ አብሮ ይሄዳል፣ «ቫይረስ ነበረበት» ተብሎ ይታለፋል። አያንቱ ግን የስህተቱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ታነባለች። አንብባ ካልገባት ማሽኑን ትታ ትነሣና በእግሯ ትሄዳለች። አንዳንዴ እስከ መንገዱ ጥግ፣ አንዳንዴ እስከ ጫካው፤ እሑድማ ሥራ ባይኖራትም ትዞራለች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች መጀመሪያ መንገድ የጠፋባት መስሏቸው ያዝኑላት ነበር፤ አሁን ለምደዋት ሰላም ብለው ያልፋሉ።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትወዳቸው ጋሼ ሰቦቃን ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ካራ፣ ድሮ የአባታቸው የገብስ ማሳ በነበረ ቦታ ላይ በተሠራ ቤት ይኖራሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሦስተኛው ጋሼ ሰቦቃ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የያዙት አንድ ካርታ አለ። ቤቶቹ ሳይመጡ በፊት የነበረውን ካራ ነው የሚሥሉት፤ ማሳውን፣ የእግር መንገዱን፣ ሾላውን፣ የእያንዳንዱን ቤት በር፣ ከነስሙ። በሜትር እየለኩ፣ ሽማግሌ እየጠየቁ ላይኛውን ወገን ጨርሰዋል። የታችኛው ወገን ባዶ ነው። እሳቸው በልጅነታቸው ለትምህርት ከተማ ስለነበሩ አያውቁትም። የሚያውቁት እዚያ ተድረው የኖሩት ታላቅ እህታቸው እማማ ዳርቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከሄዱ ቆይተዋል፣ ሱሉልታ ልጃቸው ዘንድ ነው ያሉት። የአያንቱ አባት ቤት የነበረው በዚያ ባዶ ውስጥ ነው።

እማማ ዳርቱ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል እንጦጦን ተሻግረው ወደ የካ ይመጣሉ። በየዓመቱም የታችኛው ወገን ነገር ለከርሞ እየተባለ ሲያድር ሲከርም ቆይቷል። ዘንድሮ ግን ከሱሉልታ መልእክት መጣ፤ ጉልበቴ ከእንግዲህ አያመጣኝም፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው ብለዋል። ከቅዳሴ በኋላ ካራ ገብተው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጎረቤታቸው መኪና ጋር ይመለሳሉ። ጋሼ ሰቦቃ ይህን ሲነግሯት አያንቱ ልቧ ዘለለ። ውሃው ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ የሚፈርድ ሰው በመጨረሻ ሊመጣ ነው።

በዚያ ሳምንት ካርታው አልከፈት አለ።

የካርታው ፕሮግራም ያረጀ ነው፤ ከአሮጌ ዊንዶውስ በቀር የትም አይሠራም። ስለዚህ አያንቱ ከሦስት ዓመት በፊት ለማሽኑ ሊኑክስ የሚባል ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ጭና፣ በሊኑክሱ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ሠርታላቸዋለች። ይህ ማለት አንዱ ኮምፒውተር ተኝቶ ሌላ ኮምፒውተር ያልማል፤ የታለመው ኮምፒውተር ደግሞ ሕልም መሆኑን ሳያውቅ ካርታ ይከፍታል። አያንቱ ሥራዋን የወደደችው በእንዲህ ያለው ነገር ነው። ጋሼ ሰቦቃም ሲገባቸው «እንግዲህ የኛ ካራ በሕልም ውስጥ ነው ያለው በይኛ» ብለው ነበር።

ሕልሙን ከማሽኑ ጋር የምታገናኝ፣ ሞጁል የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። የምትሰፋውም በከርነሉ ልክ ነው፤ ከርነል የሚባለው የሊኑክሱ ዋናው አካል ነው። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁሏ እንደገና በልኩ መሰፋት አለባት። ልብስ ሰፊ ያለ ልኬት እንደማይሰፋ ሁሉ፣ እዚህም የአዲሱን ከርነል ልኬት የያዙ ፋይሎች ከኢንተርኔት መውረድ ይኖርባቸዋል። ማሽኑ ከርነሉን በራሱ አድሶ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ በአዲሱ ተነሣ፣ ሞጁሏ ግን ሳትሰፋ ቀረች፤ ሕልሙም ጠፋ።

አያንቱ የመጣችው በበዓሉ ዕለት ጠዋት ነው። ኅዳር እየታጠነ ነበር። በየደጁ የዓመቱ ጉድፍ ተከምሮ ይነዳል፣ ጭሱ ከካራ እስከ የካ እንደ ጉም ተኝቷል፣ ከኮረብታው ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ጋሼ ሰቦቃ በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። እህታቸው እስኪመጡ ይደርስ እንደሆነ ጠየቋት፤ ቀላል ነገር ነው፣ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል አለቻቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

መጀመሪያ በድሮው ከርነል ልታስነሣው ፈለገች። የለም። ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ የድሮው እየተጠረገ እንዲወጣ ያዘዘችው ራሷ ነበረች። ቀጥላ የልኬት ፋይሎቹን ልታወርድ አዘዘች። ማሽኑ ፋይሎቹ ካሉበት የኢንተርኔት ማውረጃ ጋር ተገናኝቶ አንድ አፍታ ቆየና እምቢ አለ። ማውረጃው ማንነቱን የሚያሳይበት የማረጋገጫ ሰርተፊኬት ገና አይሠራም፣ ጊዜው አልደረሰም ይላል። በስልኳ ኢንተርኔት ሞከረች፤ ገና ነው አላት። ሌላ ማውረጃ መረጠች፤ አሁንም ገና ነው። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ሰዓት ስለሆነ ወደ ስክሪኑ ጥግ ተመለከተች። 12/03/2018 ይላል፤ ከጎኑ 4፡10። ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር። ልክ ነው አለችና አለፈች።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው የለም። ሻዩም ሁለት ጊዜ በረደ። ጋሼ ሰቦቃ በየጊዜው እየመጡ ከኋላዋ ይቆሙና፣ ወንበሩን ለእህታቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርገው ይመለሳሉ። የዚያ ወንበር ነገር አንጀቷን በላው። በወረቀት ያተሙት እንደሌለ ጠየቀቻቸው፤ ያላለቀ ነገር አይታተምም አሉ። እንዲሁ በቃል ቢነግሩንስ ስትል ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። እህታቸው ቦታ በሜትርና በአቅጣጫ አይናገሩም፤ ከሾላው ወርደህ የእገሌን በር በግራ ትተህ እያሉ ነው። ሾላውም በሩም የሉም። ያሉት ካርታው ላይ ብቻ ነው።

ተነሥታ ወጣች። ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ወደ ጫካው ወጣች። ከፍ ስትል ጭሱን ከላይ አየችው። ከተማው የለም። ፎቁም፣ ክሬኑም፣ የታክሲው ጩኸትም ታፍኖ ነጭ ነገር ብቻ ከእግሯ በታች ተዘርግቷል። ከሥሩ ማሳ ቢኖርስ ብላ አሰበች። ጭሱ ሲገለጥ ገብስ ቢሆን፣ ሰው ከብቱን እየነዳ ቢመጣ፣ ልጅ ቢጠሩ፣ እሷን ቢጠሯት። ገና የሚለው ቃል በጭንቅላቷ ይዞራል። ገና ያልደረሰው የማን ጊዜ ነው? ባሕር ዛፉ ተወዛወዘ፣ ውሃዋም በቀን ብርሃን የተሰማት መሰላት። ቆማ አዳመጠች፤ ነፋስ ነው። እንደ ሌላው ቀን ቢሆን መፍትሔው እዚህ ጋ ይመጣላት ነበር። ዛሬ አልመጣም። የዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴትዮ በአጠገቧ ሲያልፉ ምነው የኔ ልጅ ከፋሽ ወይ አሏት፤ አዎ ከፋኝ አለቻቸው። በባዶ እጇ ወረደች።

ስትገባ እማማ ዳርቱ መጥተዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸው እንጂ ወገባቸው አላረጀም። ስክሪኑ ፊት በተዘጋጀላቸው ወንበር ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ የሚያዩት ግን ካርታ የሌለበት ስክሪን ነው። ነጠላቸው ጭስ ጭስ ይላል። አያንቱ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። ማን እንደሆነች ለመናገር አልደፈረችም፤ ካርታው ሳይከፈት እሳቸውም ሕልም አይተሽ ነው ቢሏት ምን ትላለች?

መኪናው ጥሎኝ እንዳይሄድ ብለው እማማ ዳርቱ ሰዓት ጠየቁ። ጋሼ ሰቦቃ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጥግ አዩና ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉ። አያንቱም እንደ ልማዷ ስልኳን አወጣች። ስልኩ ሦስት ሰዓት ይላል። ሦስት ሲል ዘጠኝ ነው፤ ይህን ስሌት ከልጅነቷ ጀምሮ ሳታስበው ስትሠራው ኖራለች። ስልኩን ልትመልስ ስትል እጇ ቆመ። ስልኩ ሦስት ይላል፣ ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ይላል። ማሽን ሁሉ ስድስት ሰዓት ስቶ እኛ ነን የምናቃናው። ይህኛው ምን አግኝቶ ነው ከእኛ ጋር የተስማማው?

«ጋሼ፣ ይሄን ሰዓት ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ። መብራቱ ሲመጣ የማይሆን ዓመት ላይ ቆሞ አገኘሁት። ራሱን እንዳያዛባው አውቶማቲኩን አጠፋሁና ልክ ልኩን ሞላሁት፤ ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም» አሉ ጋሼ ሰቦቃ፣ በሠሩት ሥራ እየተደሰቱ።

አያንቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ መጣ፤ ዕንባዋም አብሮ። ጠዋት ዓይኗ ሥር ነበር። አይታዋለች፣ አንብባዋለች፣ ልክ ነው ብላ መርቃዋለች፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ከሱቋ ደረሰኝ ስትቆርጥ የምትጽፈው ይህንኑ ቀን ነው፣ እንዴት ይጎረብጣት? ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። 2018 ሲባል የዛሬ ሰባት ዓመት ላይ ነው ያለሁት ብሎ አመነ። ማውረጃው ዘንድሮ የተሰጠውን ማረጋገጫ ሲያሳየው፣ ይህ መታወቂያ ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሰጥ ነው ብሎ መለሰው። ዋሽቶ አይደለም። በነገሩት ዘመን ውስጥ ሆኖ እውነቱን ነበር የተናገረው። የጥፋቱ መነሻም ሳንቲም የምታክለው የማሽኑ ባትሪ ናት፤ አርጅታ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓት ትረሳለች።

ሰዓቱንና ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለሰችው። እንደገና አዘዘች። በዚህ ጊዜ እምቢ ባይ አልነበረም። ፋይሎቹ መውረድ ጀመሩ፣ ከዚያ ሞጁሏ መሰፋት ጀመረች፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ መስመር በመስመር ላይ እየተደረበ ሲወርድ እማማ ዳርቱ ዝናብ ይመስላል አሉ። ጋሼ ሰቦቃ ግን ተቀይመዋል።

«ትክክለኛውን አጥፍተሽ የተሳሳተውን ስትሞይበት ሠራ ማለት ነው» አሉ።

ለማሽኑ ልክ እንዲሆንለት ነው አለቻቸው። ኢንተርኔቱ እየተጎተተ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል መጀመሪያ አሮጌው ዊንዶውስ ተነሣ፤ ቀጥሎ ካርታው፣ ከአረንጓዴ ማሳውና ከቡናማ መንገዱ ጋር። ሕልሙ ተመልሷል። መኪናው ውጭ ጥሩንባ ነፋ፤ ጋሼ ሰቦቃ በመስኮት ብቅ ብለው ትንሽ እንዲታገስ ለመኑት።

እማማ ዳርቱ ጣታቸውን ሾላው ላይ አሳረፉ። የደረቀ፣ ጠንካራ ጣት ነው። ከሾላው ወረደ። የአቶ ከበበን በር በግራ ተወ፣ የድንጋይ ካቡን ተሻገረ፣ ባዶው ውስጥ ገባ። ጣታቸው በሄደበት ጋሼ ሰቦቃ መስመር ይሥላሉ፣ አያንቱ ስም ትጽፋለች። አሮጊቷ ሲናገሩ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እግራቸውን ወለሉ ላይ እያነሡ እያስቀመጡ ነበር። አንድ ቤት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ የጉተማ ነው። በሩ ወደ ታች ያያል» አሉ።

አያንቱ መጻፏን ተወች። «እኔ የጉተማ ልጅ ነኝ፣ እማማ» አለች።

እማማ ዳርቱ ዓይናቸውን ገለጡ። «ኢንታላ ጉተማ?» አሉና አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «የእናትሽን ግንባር ወስደሻል። እንዴት እስካሁን ዝም አልሽኝ?»

እሷ ግን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል የያዘችው ጥያቄ ሲወጣ በጣም ትንሽ ሆነ። «ከቤታችን አጠገብ ውሃ ነበር?»

አሮጊቷ ጣታቸውን መልሰው ስክሪኑ ላይ አደረጉ፤ ከጉተማ በር ፊት ለፊት ትንሽ ወረዱና ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

«ቡርቃ ሎኒ። የከብቶች ምንጭ ማለት ነው፤ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከእሱ ነበር። እናትሽ በሩ ላይ አስተኝታሽ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ውሃው ያባብልሻል፤ ሌላ ሞግዚት አልነበረሽም።»

አያንቱ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። እብድ አልነበረችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው የኖረችው ውሃ ስም አለው፣ በር ፊት ለፊት ነበር፣ ከብት ይጠጣው ነበር። ጋሼ ሰቦቃ መሐረባቸውን አውጥተው ሰጧት። ከዚያ የራሳቸውን መነጽር የሚጠርጉበት ስላጡ በሸሚዛቸው ጠረጉት።

መኪናው ደግሞ ጥሩንባ ነፋ። እማማ ዳርቱን ደግፋ አወጣቻቸው። ጭሱ ሳስቷል፣ ኮረብታው ወጥቷል። አሮጊቷ አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ እንዳደረጉ ወደ አያንቱ ዞሩ።

«አባትሽን እንዳትቀየሚው» አሉ። «ከዚህ የወጣችሁ ጊዜ፣ ወደ ውሃው ውሰዱኝ እያልሽ ክረምቱን ሙሉ አለቀስሽ። እህል እምቢ አልሽ። ከዚያ እናትሽ ሞተች፤ አንቺ ደግሞ ውሃው ጋ ናት ማለት ጀመርሽ። ጉተማ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ ወንድምሽንም ሳይቀር፣ በእግዜር ይሁንባችሁ ውሃ አልነበረም በሏት፣ መልሼ የምወስዳት ቦታ የለኝም አለ። እሺ አልነው። እሱ ራሱ ግን ምንጩ እስኪደፈን ድረስ እሑድ እሑድ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር።»

መኪናው ሄደ። አያንቱ ደጁ ላይ የተከመረው ጉድፍ አመድ ሆኖ እስኪያልቅ ቆመች። አባቷ እሑድ እሑድ የት እንደሚሄድ ጠይቃው አታውቅም ነበር። እሷም ትልቅ ከሆነች በኋላ እሑድን በእግሯ ስትዞር ማንን እንደምትመስል አላወቀችም።

ስትገባ ጋሼ ሰቦቃ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ይጠብቋታል። ምንጩን በሰማያዊ ሥለውታል፤ ስሙን እሷ እንድትጽፈው ትተውላታል። ቡርቃ ሎኒ ብላ ጻፈች። እሳቸው ካርታው ማለቁን አይተው፣ ከታች ቀን ይጻፍበት አሉ፤ ማሽኑ የፈለገውን ይመን፣ እዚህ ውስጥ ግን በእኛው ይሁን አሉ። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ብላ ጻፈችላቸው። ከዚያ የጋሼን ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ከምንጩ አጠገብ ሰው ሊቀመጥ የሚችልበት ያህል ትንሽ ነጥብ አድርጋ የአባቷን ስም ጻፈችበት።